ሮሻ የተባለችው በቅሎ

ሰሌዳውን ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። እኔ ካላነበብኩት ማን ያነበዋል? አውቶብሴን የማዞረው ከአፍንጫው ሥር ነው። ከፖላ ከተማ ተነስቼ ሸለቆውን ይዤ ሽቅብ እስከ ሳንታ ኦባያ የከሰል ጉድጓድ፣ ከዚያ ተመልሼ ቁልቁል ፖላ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህችው መንገድ ላይ ነው። ድሮ የምጭነው ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ የወንበሩ ጨርቅ ምን ቀለም እንደነበረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጉድጓዱ ሲዘጋ ሐኪም ቤት የሚወርዱ አሮጊቶች ብቻ ቀሩልኝ። አሁን ደግሞ ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ከኦቪዬዶና ከኺኾን ከተሞች የሚመጡ፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ዱላ የያዙ ሰዎች ይሞሉብኛል። ኮረብታ ለመውጣት ሁለት ዱላ። አባቴ ሳንባው በከሰል አቧራ አልቆ እንኳ በአንድ ዱላ ነበር የሚወጣው። ግን ላማቸው አልችልም፤ እነሱ ባይኖሩ መስመሩ ተዘግቶ እኔም ቤቴ ተቀምጬ ከሚስቴ ጋር ስጨቃጨቅ እውል ነበር።

የሚመጡት ጥቁሩን ቁልል ለማየት ነው። ስሙ ነው እንጂ አሁን ጥቁር አይደለም። ጉድጓዱ ሥራ ላይ በነበረ ጊዜ ከከሰሉ ጋር የሚወጣው የማይረባ ድንጋይ ሁሉ እየተደፋ፣ እየተደፋ፣ ተራራ አከለ። በኋላ አፈር አለበሱት፣ ሣር ዘሩበት፣ ግንዳቸው ነጭ የሆነ ዛፎች በቀሉበት፤ በአናቱ ላይም የእግር መንገድ አወጡለት። የመንገዱ ማኅበር የሚባሉት ሰዎች «በአውቶብስ የሚደረስበት የእግር መንገድ» የሚል ወረቀት አሳትመው በየሆቴሉ አደሉ። ራሳቸው ግን አንድም ቀን በአውቶብሴ መጥተው አያውቁም፤ በየመኪናቸው ነው የሚመጡት።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ካፊያ አለ። መዞሪያዬ ላይ ደርሼ ሞተር አጠፋሁና ሲጋራዬን ለኩሼ ወረድኩ። አዲስ ሰሌዳ ተተክሏል። ብረት ነው፤ እግሩ በሲሚንቶ ተቀብሯል። ከላይ የአንዲት ቀይ በቅሎ ሥዕል አለ፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ቆንጆ ሥዕል ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«ሮሻ። በሳንታ ኦባያ ጉድጓድ ለብዙ ዓመታት ያገለገለች ብርቱ በቅሎ። አሁን የቆሙበት ኮረብታ ከፊሉ የእሷ ሥራ ነው፤ ድንጋይ የሞላበት ፉርጎ ይዛ እስከ አናቱ ትወጣ ነበር። በጉልበት የሚስተካከላት አልነበረም። እልኸኛም ነበረች፤ እምቢ ካለች የሚያንቀሳቅሳት የለም። አንድ ቀን አለቃውን በእርግጫ መትታ ጥላዋለች። የሥራ ጡሩምባ ሲነፋ ማንም ሳይነዳት በራሷ ትመጣ ነበር። በከሰል ቆፋሪዎች ጠባቂ በቅድስት ባርባራ በዓል ሠራተኞቹ ወይን ያጠጧት ነበር።»

«የትኛዋ በቅሎ ትሆን?» እያልኩ ነው የማነበው። የጉድጓዱን በቅሎዎች በልጅነቴ አይቻቸዋለሁ፤ አለቃ የመታች በቅሎ ግን ትዝ አላለችኝም። ወይኑ ላይ ስደርስ ክው አልኩ፤ በዚያ በዓል ወይን ጠጣች ሲባልላት የሰማሁት አንዲት ሮሻ ብቻ ናት። ሲጋራው ከእጄ ወደቀ። በቅሎ አይደለችም፤ እማማ ሮሻ ናቸው። ሰው ናቸው፤ በሕይወት ያሉ ሰው፤ ከታችኛው ፌርማታ በየጠዋቱ ወደ ፖላ የሚሳፈሩ ሰው።

በኛ አገር ሮሻ ማለት ቀይቱ ማለት ነው። ላሚቱ ቀይ ከሆነች ሮሻ፣ በቅሎዋ ቀይ ከሆነች ሮሻ፣ ጸጉሯ ቀይ ሆኖ የተወለደች ሴትም ያው ሮሻ። ለስም የምንጨነቅ ሰዎች አይደለንም። እማማ ሮሻ በልጃገረድነታቸው በጉድጓዱ ደጅ ከሠሩት ሴቶች አንዷ ናቸው። ሴት ከምድር በታች አትወርድም ነበር፤ ደጅ ላይ ግን ከከሰሉ ድንጋይ የሚለቅሙም፣ ፉርጎ የሚገፉም ሴቶች ነበሩ። ያን የማይረባ ድንጋይ ሽቅብ ገፍተው ከቁልሉ አናት ላይ ሲደፉ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ባል ሲያገቡ አሰናበቷቸው፤ ደንቡ እንደዚያ ነበር። አሁን ጸጉራቸው ነጥቷል፣ ወገባቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ምላሳቸው ግን ፍጹም ጤነኛ ነው።

በሚቀጥለው ዙር ተሳፈሩብኝ። ከኔ ኋላ ያለው ወንበር የሳቸው ነው፤ ሌላ ሰው ከተቀመጠበት አጠገቡ ቆመው እስኪነሳ ድረስ ያዩታል።

«ሴልሶ፣ እሑድ ለምርቃቱ በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?» አሉኝ።

«የምን ምርቃት፣ እማማ?» አልኩ።

«የመንገዱ ነዋ። አልሰማህም? እኔ እኮ ተጽፌያለሁ። ላውሬአኖ ነው የነገረኝ፤ ለመንገዱ ማኅበር ልጅ ስለኔ አውርቶላት፣ ‹ይቺማ ሰሌዳ ይሠራላታል› አለችው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። «ጥሩ ነው» አልኩ።

«ጥሩ ነው? አለቀ? ስማ እንጂ አንተ ልጅ» አሉ። ጡረታ ልወጣ የቀረኝ ጥቂት ነው፤ ለሳቸው ግን ልጅ ነኝ። «በየዓመቱ በቅድስት ባርባራ ዕለት ያ በጉድጓዱ በር ላይ ያለው የነሐስ ጽሑፍ ሲነበብ ቆሜ ሳዳምጥ ኖርኩ። የቆፋሪው ስም አለ፣ የመብራት ሠራተኛው ስም አለ፣ እርሳስ ሲቀርጽ ይውል የነበረው ጸሐፊ ስም እንኳ አለ። የኔ የለም። አንዴ አለቃውን ጠይቄው ‹አንቺማ ደጅ ነበርሽ› አለኝ። ደጅ ነበርኩ። ዝናቡስ የት ነበር የሚዘንበው?»

«እውነትዎን ነው፣ እማማ።»

«አሁን ግን ተጻፍኩ። ቤርታን፣ የእህቴን ልጅ፣ ከኺኾን ጠርቻታለሁ። እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ አንድ ቀን ግን ‹አክስቴ፣ በወጣትነትሽ ምን ትሠሪ ነበር?› ብላኝ አታውቅም። እሑድ ቆማ ታነበዋለች።»

በመስታወቱ አየኋቸው። ፊታቸው የሙሽራ ፊት ሆኗል። እኔ በሰው ደስታ ቶሎ ሆዴ የሚባባ ሰው አይደለሁም፤ ያን ጠዋት ግን አንጀቴን በሉት።

«እሑድ አውቶብሱ ሳይበላሽ አይቀርም» አልኩ።

«ከአሁኑ አወቅከው?»

«ድምፅ ያሰማል።»

«እንግዲያው በእግሬ እወጣለሁ። ያን ዳገት ፉርጎ እየገፋሁ የወጣሁ ሴት ነኝ።»

ይወጡታል ደግሞ። ያን ወገብ ይዘው ይወጡና መሐል መንገድ ላይ ወድቀው በኔ ጦስ ይቀራሉ። ነገሩን ተውኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ ላውሬአኖን ፍለጋ ሄድኩ። የት እንዳለ አይጠየቅም፤ የፖም ጠጅ መሸታ ቤት ጥጉ ላይ ነው። ላውሬአኖ ዕድሜውን ሙሉ ከምድር በታች ድንጋይ ሲበሳ የኖረ ሰው ነው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ነገር ግን ካርታ ሲጫወት ስለሚያጭበረብር አንቱ አልለውም።

«ለልጅቷ ስለ እማማ ሮሻ ምንድነው ያልካት?» አልኩት።

እንደ አገራችን ደንብ ጠርሙሱን ከራሱ በላይ አንስቶ፣ ብርጭቆውን ከጉልበቱ ዝቅ አድርጎ እየቀዳ ነበር። «እውነቱን ነዋ» አለ። «ጉልበቷን፣ እልኋን፣ ያን አለቃ እንዴት እንዳቀመሰችው። ልጅቷ በሳቅ ልትሞት ነበር። ሁሉንም በስልኳ ቀዳችው።»

«ሰው መሆናቸውንስ ነግረሃታል?»

ጠጁ ከብርጭቆው ውጭ ፈሰሰ። «ምን ማለትህ ነው? ሰው አይደለች እንዴ?»

«ከዚያ በፊት ስለ ምን ነበር ስታወሩ የነበረው?»

አሰበ። «ስለ በቅሎዎቹ» አለ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ ‹ከሁሉ የባሰችው ግን ሮሻ ነበረች› አልኩ።»

ሰሌዳው ላይ ያለውን በቃሌ አልኩለት። መጀመሪያ ሳቀ፤ አልፈርድበትም፣ መሳቁ አይቀርም ነበር። ከዚያ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። «ትገድለኛለች» አለ።

«መግደላቸው ባልከፋ። ቅስማቸው ይሰበራል እንጂ» አልኩት።

ለልጅቷ ደወልንላት። ኮቫ ትባላለች፤ ከባሕሩ ጠረፍ የመጣች ልጅ ናት፣ ሥዕሉንም የሣለችው እሷው ናት። ወዲያው በመኪናዋ ከተፍ አለች። መዞሪያው ላይ ሦስታችን ሰሌዳውን ከበን ቆምን። ስንነግራት እርጥቡ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ሰው ናት ያለኝ የለም» አለች። «ደግሜ ደጋግሜ ነው ያዳመጥኩት። ሴት ናት ያለኝ የለም።»

«በቅሎ ናት ያለሽም የለም» አላት ላውሬአኖ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ምን ይባላል። ኮቫ እንባዋ መጣ። «አሁኑኑ ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለች።

«ምን ብለሽ?» አልኳት። «‹በቅሎ መስለውኝ ነው› ብለሽ?»

መፍቻ አምጥተን ብረቱን ሞከርነው፤ አንድም የሚፈታ ብሎን የለውም። አዲስ ሰሌዳ ለማሠራት ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ኮቫ ምርቃቱን እናስተላልፈው ብትል ላውሬአኖ እጁን አወዛወዘ፤ ሮሻ ለሸለቆው ሁሉ ተናግራለች፣ ዘመድ ጠርታለች፣ ምን ተብሎ ይዘጋባታል። በመጨረሻ ሸራ እናለብሰውና «ገና አላለቀም» እንበል ተባባልን።

«እኔ መዋሸት አልችልም» አለች ኮቫ።

«ዝም ማለትስ?» አላት ላውሬአኖ።

«እሞክራለሁ» አለች። የሚያስጠላ ልጅ አይደለችም፤ መኪና ማብዛቷ ነው እንጂ።

ዓርብ ዕለት እማማ ሮሻ ገና ሳይቀመጡ ያዙኝ። «አንተ እኮ እዚያ ነው የምታዞረው። አይተኸዋል አይደል?»

«ሸራ አልብሰውታል» አልኩ።

«ከመልበሱ በፊት አይተኸዋል። ታስታውቃለህ። ምን ይላል?»

ምን ልበል? መሪውን ጨብጬ መንገዱን መንገዱን አየሁ። «ብርቱ ነበረች ይላል» አልኩ።

«እውነት ነው። ሌላስ?»

«ኮረብታው የእሷ ሥራ ነው ይላል።»

«እሰይ። ሌላስ?»

«አለቃውን በእርግጫ መታችው ይላል።»

በሳቅ ወንበሩን ደበደቡት። «ጻፉት እንዴ? አሁን ቤርታ ምን ትለኛለች?» አሉ። «ሌላ የለም?»

«በጡሩምባው ትመጣ ነበር ይላል፣ ደግሞ ወይን።»

አንድም ቃል አልዋሸሁም፤ አንዷን ቃል ብቻ ነው ያስቀረሁት። እሳቸውም ያልኳቸውን አንድ በአንድ ተቀበሉ፤ ‹ይሄማ እኔ አይደለሁም› ያሉት አልነበረም። እስኪወርዱ ድረስ ለብቻቸው ፈገግ ይሉ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

እሑድ አውቶብሱ ጢም ብሎ ሞላ። እማማ ሮሻ ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ቤርታ አብራቸው ናት፤ ጥሩ ሽቶ የተቀባች፣ ስልኳን የማትለቅ ሴት። ባለ ዱላዎቹ መቆሚያ አጥተው ተጣበዋል።

«ይሄን የምትወጡትን ኮረብታ ማን እንደሠራው ታውቃላችሁ?» አሏቸው እማማ ሮሻ።

«እግዚአብሔር ነዋ» አለ አንዱ።

«እሱ ሌሎቹን ነው። ይሄን እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ኪራይ ያስከፍሉናላ፣ እማማ» አለ ሌላው፤ አውቶብሱ ሳቀ።

«ሁለት ዱላ ለያዘ እጥፍ ነው» አሉት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

መዞሪያው ላይ ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ የፖም ጠጅ ይቀዳል። ኮቫ አጭር ንግግር አደረገችና መንገዱ ተከፍቷል አለች። ሰዉ ወደ ዳገቱ መንቀሳቀስ ሲጀምር እማማ ሮሻ የቤርታን ክንድ ይዘው ቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሄዱ። እኔና ላውሬአኖ እንደ ሌባ ተከተልናቸው።

«ይሄ ለምንድነው እስካሁን የተሸፈነው?» አሉ።

«ስህተት አለበት፣ እማማ» አለች ኮቫ። «ይታረማል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የፊደል ስህተት?»

ኮቫ እኔን አየች፤ እኔ ላውሬአኖን፤ ላውሬአኖ ጫማውን። «ከፊደል ይበልጣል» አለች።

«እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት ዝናብ በጣለ ቀን ብቻ ነው። የፊደል ስህተት አያስቀይመኝም» አሉና በዱላቸው ሸራውን ጠልፈው ሳቡት።

ሥዕሉን አዩት። ከዚያ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ሮሻ» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «በሳንታ ኦባያ ጉድጓድ ለብዙ ዓመታት ያገለገለች ብርቱ» አሉና ቆሙ። ጣታቸው ቃሉ ላይ ቀረ። እኔ መሬት አፏን ከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አላቆሙም፤ «በቅሎ» አሉ፣ ቀጠሉ፣ እስከ መጨረሻው ቃል አነበቡት። እርግጫው ላይ ከባለ ዱላዎቹ አንዱ፣ ነገሩን ሳያውቅ፣ ሳቀ።

«ይሄ ስድብ ነው» አለች ቤርታ። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «ማን ነው የጻፈው? እከሳለሁ።»

«ዝም በይ» አሏት እማማ ሮሻ። «ልጅቱ ምን ታድርግ? የነገሯትን ጻፈች። የኔ ነገር ከነጋሪው ጋር ነው።»

ላውሬአኖ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«መትቼዋለሁ፣ እውነት ነው» አሉት። «ለምን እንደመታሁትስ ነግረሃታል? እጁን የት እንደሰደደ ነግረሃታል? ጡሩምባው ሲነፋ ማንም ሳይነዳኝ እመጣ ነበር፤ እሱም እውነት ነው። እናቴ ሞታ ሁለት ታናናሾቼን በር ቆልፌባቸው እንደምመጣ ታውቅ ነበር፤ ነግረሃታል? ወይኑንም ጠጥቻለሁ። ለናንተ ብርጭቆ ይዞራል፤ ለኔ በቆርቆሮ ነበር የምትሰጡኝ።»

«ሮሻ» አለ ላውሬአኖ።

«ቆይ። ዕድሜ ልክህን ጎረቤቴ ነህ። ለልጅቱ የነገርካት ሁሉ ለበቅሎም ይሆናል። እሷ አልተሳሳተችም። እስቲ በቅሎ የማታደርገውን፣ እኔ ያደረግኩትን፣ አንድ ነገር ንገረኝ። አንድ ብቻ። ከሌለ ሰሌዳው እንዳለ ይቀመጥ።»

እኔም በልቤ መፈለግ ጀመርኩ። ስንት ዓመት ያሳፈርኳቸው ሰው ናቸው፤ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ወንበራቸውን አያስነኩም፣ ከዚህ ሌላ አላገኘሁም። አፈርኩ። ላውሬአኖ ኮፍያውን ሲያሽከረክር፣ ሲያሽከረክር ቆየ።

«ፌርሚን» አለ።

ፌርሚን ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ጉድጓዱ የበላው። ከላውሬአኖ ጋር ስንት ጠርሙስ ባዶ አድርገናል፤ ይህን ስም ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

«ፌርሚንን ያወጡት ለታ» አለ፣ «ፊቱ... ፊት አልነበረውም። እናቴ ሰምታ መንገዱን ይዛ ስትሮጥ ትታየናለች። እኛ ወንዶቹ ተገትረን እናያለን። አንቺ ከፉርጎሽ መጣሽ። ሻሽሽን ፈታሽና ፊቱን አለበስሽው፤ አገጩ ሥር አሰርሽለት። እናቴ ልትፈታው ስትል እጇን ያዝሻት። ‹ተኝቷል እትዬ፣ እንዳለ ይቆይ› አልሻት። እስክትሞት ድረስ እናቴ ልጇን የምታስታውሰው በደህና ፊቱ ነበር።»

ንፍጡም እንባውም አንድ ላይ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገውም።

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርካትም?» አሉት፣ አሁን ቀስ ብለው።

«ስለዚያ ቀን ማውራት አልችልም። እሱን ዘልዬ ስለ አንቺ ላውራ ስል የቀረኝ ጉልበትሽ ብቻ ነው።»

«ሻሹ ምን ዓይነት ነበር?» አሉት።

«አረንጓዴ። ዳር ዳሩን ነጭ ነጠብጣብ ያለው። አብሮት ተቀብሯል።»

አጠገባችን ባለው አግዳሚ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ ቤርታ አነሳችላቸው። «እኔ ብቻ የማስታውሰው ይመስለኝ ነበር» አሉና አለቀሱ። ላውሬአኖ ከጎናቸው ተቀመጠ፤ ሁለቱም ዛፎቹን እያዩ አለቀሱ። ቤርታ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ የአክስቷን እጅ ያዘች። መዳፋቸውን አገላብጣ ስታየው አየኋት።

ኮቫ ብዙ ቆይታ ጠጋ አለች። «እማማ፣ ይህን ልጻፈው?»

«እሱን ጠይቂ። ወንድሙ ነው።»

ላውሬአኖ ራሱን ነቅንቆ እሺ አላት።

«ሥዕሏን ግን አትጣያት» አሉ እማማ ሮሻ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «በቅሎዎቹም ለፍተዋል። ስማቸውን ከነዚህ ሽማግሌዎች ጠይቂና ለብቻ ጻፊላቸው። የኔን ስትጽፊ ደግሞ ሮሻ አትበይ። እሱ የላምም ነው፣ የበቅሎም ነው። ኤቴልቪና ፋንኹል በይ።»

ስማቸውን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ዙሪያዬን ብመለከት ብቻዬን አይደለሁም፤ የሸለቆው ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ላውሬአኖ ራሱ አፉን ከፍቶ ነበር።

ስንመለስ ቤርታ ወንበሯን ለላውሬአኖ ለቀቀችለት፤ ከኋላ ቆማ ሄደች። ከመዞሪያው የወጣሁት አርፍጄ ነው፤ ማንም አላጉረመረመም። እስከ ታችኛው ፌርማታ ድረስ ሁለቱ ከኋላዬ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፍሬን ስይዝ ላውሬአኖ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ኤቴልቪና» አላቸው።

«አቤት» አሉት።

«ምንም። አፌን ላለማምደው ብዬ ነው።»

«አለማምደው» አሉት፣ ለመውረድ እየተነሱ። «ቶሎ ብለህ ግን፤ ጊዜ የለንም።»